ጓሳ ተዘግቷል

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2012 ዓ.ም. — ደብረ ብርሃን

ከላምበረት ስንወጣ ሰባት ሰዓት አልፎ ነበር። የሚነዳው የአጎቴ የጋሼ ልጅ ነው። ጋሼ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠናል። ጭኔ ላይ ጣሳው አለ። የድሮ የብስኩት ጣሳ ነው። ክዳኑ ላይ የነበረው ሥዕል ተፍቆ አልቋል፤ የቀረው ዝገትና ጥቂት ቀይ ቀለም ነው። በነጠላ ጠቅልዬ ታቅፌዋለሁ። ጋሼ በመስታወት አዩኝና «አይሰበርም እኮ፣ አስቀምጪው» አሉኝ። አላስቀመጥኩትም።

ጣሳው የእምዬ ነው። እምዬ የምንላት የእናቴን እናት ነው። ያረፈችው በ2005 ዓ.ም. ነበር፤ ዘንድሮ ሰባት ዓመቷ ነው። ተዝካሯን ክርስትና በተነሳችበት ደብር ልናወጣ ነው የምንሄደው። ደብሩ መንዝ ውስጥ ያለ የገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ነው። እሑድ ታኅሣሥ 19 ዓመታዊ በዓሉ ነው።

ልታርፍ ሳምንት ሲቀራት ጋሼን ጠርታ ጣሳውን አስከፈተችው። ውስጡ በየቀለሙ ጨርቅ የተቋጠረ ገንዘብ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ ሰምታለች። «ነጩ የመግነዜ ነው» አለች። «ቀዩ የካህናቱ ነው። አረንጓዴው ለድንኳንና ለንፍሮ።» ሰማያዊው ጋ ስትደርስ ግን እጇን ከላዩ አላነሳችም። «ይሄ የገብርኤል ነው። ሳትፈታው አድርስልኝ።» ጋሼ «የትኛው ገብርኤል?» ብለው ጠየቁ። «የኔው» አለች።

ነጩም፣ ቀዩም፣ አረንጓዴውም በጊዜያቸው ተፈቱ። ለእምዬ ቀብር ማንም ሰው አልተበደረም። የዕድሯ መዋጮ እንኳ ለሚቀጥለው ወር ተከፍሎ ነበር። ሰማያዊው ብቻ ሰባት ዓመት ሙሉ ጋሼ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ለምን እንደተቀመጠ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ግን አይነሳም። ዛሬ ጋሼ ራሳቸው አነሱት። አሌልቱን አልፈን በየማሳው የቆመውን የገብስ ክምር እያየን ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ጀመሩ።

በ1969 ዓ.ም. ደርግ የንጉሡን ብር በአዲስ ሲቀይር ጋሼ 16 ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቤት ውስጥ የሚገባው እምዬ ጥጥ ፈትላ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች የምትሸጠው ብቻ ነው። ሕዝቡ የድሮውን ብር ይዞ ባንክ ለባንክ ይሰለፋል። ሰማያዊው ቋጠሮ ውስጥ ገንዘብ እንዳለ ጋሼ ያውቃሉ። «እናቴ፣ ፍቺውና ይቀየር፤ ቀኑ ሊያልፍ ነው» አሏት። «የኔ አይደለም፣ አልፈታውም» አለች። ለመኗት፣ አለቀሱ፣ ጎረቤት አስመከሩ። ቀኑ አለፈ። ገንዘቡ እዚያው እንደተቋጠረ ሞተ።

«ያን ዓመት በበረባሶ ነው የተማርኩት» አሉ ጋሼ። «ክረምቱንም በጋውንም። ጫማዬ እዚያ ጨርቅ ውስጥ ነበር።»

ልጃቸው ምንም አላለም። እኔም ምንም አላልኩም። ሸኖ ስንደርስ ቅቤ ሻጮች መኪናዋን ከበቧት። ጾመ ነቢያት ነው፤ ግን ለገና ከአሁኑ የሚገዛ ብዙ ነው። እምዬ ትዝ አለችኝ። ቅቤ በጾም ወቅት ነበር የምትገዛው፤ በዓል ሲደርስ እንደሚወደድ ታውቃለች። ስለምትጾም ግን አትቀምስም። እጇ ጀርባ ላይ ጥቂት አሸት ታደርግና ታሸተዋለች። አንድም ቀን ተታላ አታውቅም።

የእምዬ ቁጠባ ከጾሟ ጋር አብሮ የተሰፋ ነበር። ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ ነቢያትን፣ ነነዌን፣ ገሃድን አንዱንም አታልፍም። ሲሰላ ከዓመቱ ግማሽ ይበልጣል። በፍስክ ለወተትና ለእንቁላል የምታወጣው ገንዘብ በጾም ወደ ጣሳው ይገባል። ከጣሳው የጎረቤት ልጅ ደብተር ይገዛል፣ የታመመ ይጠየቅበታል። «ያልበላሁት የኔ አይደለም» ትላለች። ይቺን «የኔ አይደለም» እኔ እንደ ጸሎት ሰማኋት። ጋሼ ግን በ16 ዓመታቸው እንደ በር ተዘግታባቸዋለች።

ቤት ውስጥ የሚጣል ነገር አልነበረም። የተረፈ እንጀራ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል። የጠላው ድፍድፍ ውኃ ይጨመርበትና ቅራሪ ይወጣዋል። የሳሙና ቁርጥራጭ በጨርቅ ይታሰርና እንደገና ሳሙና ይሆናል። ክብሪት ላለመጫር ፍም ከጎረቤት በገል ታመጣለች። ስኳር ያለበት ቁም ሳጥን ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከማተቧ ጋር ባንድ ክር አንገቷ ላይ ነው። ስኳር ስንጠይቃት «ጓሳ ተዘግቷል» ትለናለች። በበዓል ቀን ደግሞ ቁም ሳጥኑን ወለል አድርጋ «ጓሳ ተከፈተ!» ትላለች። እኛም እጃችንን እፍኝ አድርገን እንሮጣለን። ጓሳ ማለት ቁም ሳጥን ይመስለኝ ነበር።

ደብረ ብርሃን ስንደርስ መሸ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። ያሳደሩን ዘመዳችን ገና ሽሮው ሳይቀርብ መብራት ጠፋባቸውና ጧፍ አበሩ። ሽታው ሲመጣብኝ እንባዬ ቀደመኝ።

እምዬ ጧፍ ራሷ ትሠራ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን የሚተርፈውን የጧፍ ቁራጭ ጠባቂውን አስፈቅዳ ትለቅማለች። ቅዳሜ ማታ በትንሽ ጣሳ ፍም ላይ ታቀልጠዋለች። የፈተለችውን ጥጥ ሦስት አራት ታደርግና በሰሙ ውስጥ ታሳልፈዋለች። ከዚያ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ጨብጣ ቀስ ብላ ትስበዋለች። ትኩስ ነው፤ እሷን ግን አያቃጥላትም። የሁለቱ ጣቶቿ ጫፍ እንደ ቀንድ ጠንክሮ ነበር። ሲደርቅ በክንዷ ልክ ትቆርጥና ጠዋት መልሳ ለቤተ ክርስቲያኑ ትወስዳለች። ለቤታችን ከዚያ ጧፍ አንድም አይቀርም። ለራሷ ኩራዝ ነበራት። ማታ ማታ ከኩራዙ ሥር ቁጭ ብላ ውዳሴ ማርያም ታነባለች፤ ማንበብ የተማረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። የሐሙሱ ሙሴ ስላየው፣ ነድዶ ስላልተቃጠለው ቁጥቋጦ ነው። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች ታነበዋለች።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ጣሳውን ትራሴ አጠገብ አድርጌ ነው የተኛሁት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 17 — ጓሳ፣ ከዚያ መሐል ሜዳ

ጠዋት ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጥቷል። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ከሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። እምዬ ስለዚች ከተማ ስታወራ ግን ሁልጊዜ የምታነሳው እግሯን ነበር። በ1944 ዓ.ም. ከመንዝ ተነስታ፣ ሦስት ቀን ተጉዛ፣ እዚህ የደረሰችው በእግሯ ነው። ጫማ ነበራት። ጫማውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነው የመጣችው፤ አዲስ አበባ ስትገባ እንዳያልቅ። ከዚህ በጭነት መኪና ሄደች። የያዘችው አንድ ስልቻ በሶና አንድ ባና ነበር።

ባና ለማያውቅ፣ የመንዝ የበግ ፀጉር ልብስ ነው። ሴቶቹ ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል። ከባድ ነው፣ ሲነኩት ይኮሰኩሳል፤ ግን ያሞቃል።

ጣርማ በር ላይ ከዋናው መንገድ ወጣን። ዋሻው ሳይደርስ ወደ ግራ ነው። መዘዞን አልፈን ሽቅብ እየተጠማዘዝን ወጣን። ዛፍ ጠፋ። ደመናው ከመንገዱ በታች ሆነ። ከዚያ በሁለቱም በኩል ረጅም፣ ፀጉር የመሰለ ሣር ተንጣለለ። ነፋሱ ሲያስተኛው ብር ይመስላል፣ ሲነሳ ወርቅ። በየመሃሉ ጅብራ እንደ ሰው ቆሟል። ጭላዶች መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ይነቅላሉ። ቀይ ቀበሮም እዚህ ይኖራል፤ እኛ ግን አላየንም።

የጋሼ ልጅ መኪናዋን አቆመና ወረድን። ጋሼ ጎንበስ ብለው አንድ ጭብጥ ሣር ያዙ። ሊነቅሉ አልነበረም፤ እየዳሰሱት ነበር። አንድ ወጣት ጥበቃ ካቡ ሥር ከለበሰው ጋቢ ውስጥ ድምፁን ብቻ አውጥቶ እንዲህ አለ።

«አባቴ፣ አይነካም። ጓሳ ተዘግቷል።»

ጋሼ ሣሩን እንደያዙ ቀጥ አሉ። ዞረው አዩኝ። ለትንሽ ጊዜ ማንም አልተናገረም።

«እናቴ ከዚህ ነች» አሉ መጨረሻ ላይ። ጥበቃው ተነሳና ጨበጣቸው። ከዚያ ሦስታችንንም ድንጋይ ላይ አስቀምጦ አጫወተን።

ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን የሚከድነው፣ ገመድ የሚገምደው፣ ለዝናብ ገሳ የሚሠራው በዚህ ሣር ነው። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ በዚህ ብርድ ሣሩ ቶሎ አያድግም። ስለዚህ አባቶች ወደ 400 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ሥርዓት አበጁለት። ቄሮ ይሉታል። ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ባለርስቶች ሹም ይመርጣሉ። ሹሙ ሲዘጋ ማንም አያጭድም፣ ከብት አይገባም። ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴ እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ ሽማግሌ መክሮ በገበያና በቤተ ክርስቲያን ያስነግራል፤ ያኔ አገሩ ሁሉ ማጭድ ይዞ ይወጣል።

«ሲዘጋ የነበረ ሽማግሌ ሲከፈት ላይኖር ይችላል» አለ ጥበቃው። «ቢሆንም ይዘጋል።»

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር ቄሮም አብሮ ተዳከመ። ኋላ ግን ገበሬው ተሰባስቦ ጥበቃውን በሌላ መልክ አቆመው። ዛሬም የሚጠብቀው ኅብረተሰቡ ነው።

የእምዬ አባት ከጓሳ ድርሻ እንደነበራቸው ጋሼ ሰምተው ያውቃሉ። እኔ ግን ስለ ስኳሩ ነበር የማስበው። እምዬ ቁም ሳጥኑን ስትቆልፍ ከእኛ እየደበቀችው መስሎኝ ነበር። እሷ ልጅ ሆና ክረምት በመጣ ቁጥር ጣራቸው ሲያፈስ፣ ሣሩ ተራራው ላይ እየታየ፣ ይደርስ ዘንድ ስትጠብቅ ነው ያደገችው። ተዘግቷል ማለት ለእሷ የለም ማለት አልነበረም። እያደገ ነው ማለት ነበር።

መሐል ሜዳ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። በጊዜ ተኛን።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 18 — ከእማማ ቤት

መኪናዋን ካቆምንበት ሁለት ሰዓት ያህል በእግር ሄድን። ጣሳውን ልጃቸው ልያዝልሽ ቢለኝም እኔው ያዝኩት። ሜዳው ላይ በሬ አውድማ ይዞራል፤ የገብሱ ብናኝ በፀሐይ ውስጥ ይንሳፈፋል።

እማማ የእምዬ ታናሽ እህት ናቸው። 82 ዓመታቸው ነው። ቤታቸው በድንጋይ የተካበ፣ በጓሳ የተከደነ ነው። እግራችንን ሊያጥቡ ሲነሱ ጋሼ «ኧረ እትዬ፣ እርስዎ? በሞቴ!» ብለው እጃቸውን ያዙ። «ዝም በል፣ የእህቴ እግር ነው የማጥበው» አሉ። አጠቡንም። የገብስ እንጀራ በስልጆ በላን። የእማማ ልጅ ሚስት ዱቄት ልታቦካ ስትል ከዱቄቱ አንድ እፍኝ ዘግና ሌላ ቅል ውስጥ ስትጨምር አየሁ። እምዬም እንዲህ ታደርግ ነበር፤ ከእያንዳንዱ ቡኮ በፊት አንድ እፍኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

«እሱማ የአርበኛ ነው» አሉ እማማ። በጣሊያን ጊዜ አባታቸው ጫካ ገብተው ነበር። እናታቸው በፈጩ ቁጥር አንድ እፍኝ ያስቀራሉ። ቅሉ ሲሞላ በሶ ይሆንና ሌሊት በሰው ይላካል። ቤት ውስጥ አራት ልጅ አለ፤ ቀን አንድ ጊዜ ነው የሚበላው። እምዬ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን ርቧት ከቅሉ ጥቂት ቃመች። እናቷ አልመቷትም። «ያባትሽን በላሽ» ብቻ አሏት። «ከዚያ ወዲያ እህቴ የሰው ድርሻ ነክታ አታውቅም» አሉ እማማ። ጣሊያን ወጣ፣ አባትየውም በሰላም ተመለሱ፤ እፍኙ ግን አልቀረም። ኋላ ለደብተራ ተማሪ፣ ለመንገደኛ፣ ለአራስ ሆነ።

ጋሼ ጣሳውን አስከፈቱኝና ሰማያዊውን ቋጠሮ አወጡ። «እትዬ፣ ይሄን ያውቁታል?»

እማማ ቋጠሮውን አላዩትም። ያዩት የጋሼን ፊት ነው። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጫቸውን ዳሰሱ። ጋሼ ግራ ጉንጫቸው ላይ ትናንሽ ጉድጓድ ጉድጓድ ጠባሳ አላቸው። ፈንጣጣ እንደሆነ እናውቃለን።

«የት እንደያዘህ ነግራሃለች?» አሉ።

«አዲስ አበባ መስሎኝ።»

«እዚህ ነው የያዘህ፣ የኔ ልጅ። እዚህ ቤት። ያቺ መደብ ላይ።»

በ1961 ዓ.ም. ነው። እምዬ የእናቷን ተዝካር ልታወጣ ስምንት ዓመት የሆነውን ልጇን ይዛ መጣች። በሦስተኛው ቀን ልጁ ትኩሳት ያዘው፣ ፈንጣጣው ፊቱ ላይ ወጣ። መንደሩ ሸሸ። እምዬና እማማ ብቻ ቀሩ። በሩ ተዘጋ፣ ብርሃን እንዳይገባ መጋረጃ ተደረገ። ልጁን በእምዬ ባና ጠቀለሉት። ዐይኑ እንዳይጠፋ ሌት ተቀን እጁን ይዘው ነበር፤ እንዳያክ። በዘጠነኛው ሌሊት መተንፈሱ የተቋረጠ መሰላቸው። እምዬ ወጣች። በዚያ ጨለማ እዚያ ኮረብታ ላይ ወዳለው ገብርኤል እየሮጠች ሄደች። አጥሩን ይዛ ጮኸች። ሦስቱን ልጆች ከእሳት ያወጣህ፣ የኔን አንዱን አውጣልኝ አለች። 55 ብር ከነልጄ ይዤ እመጣለሁ ብላ ተሳለች። ያኔ 55 ብር ለፈታይ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነው። ስትመለስ ልጁ ውኃ ጠየቀ።

«ሲያገግም ባናውን አቃጠለችው» አሉ እማማ። «እናቷ የሰጠቻት ባና። ደጅ አውጥታ፣ ቆማ፣ እስኪያልቅ አየችው። እህቴ አንድ ነገር ስታጠፋ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ደግሞ እየሳቀች ነበር።»

ጋሼ መደቡን ነበር የሚያዩት። «ጭስና የሱፍ ሽታ ትዝ ይለኛል» አሉ። «ሕልም ይመስለኝ ነበር።»

ከፈትል ከምታገኘው እየነጠለች 55ቱን ለመሙላት አምስት ዓመት ፈጀባት። ሲሞላ ቋጠረችው። ለታኅሣሥ 1967 ልትመጣ ተነስታ ነበር። ግን ንጉሡ ወረዱ፣ አገር ታወከ፣ ባሏም በዚያው ዓመት ሞተ። ከዚያ ብሩ ተቀየረ። ከዚያ ጉልበቷ ከዳት። በሰው ልትልከው ትችል ነበር። «ከነልጄ ብዬ ተስያለሁ፤ ልጄ ካልወሰደው ምኑን ስለት ሆነ» ብላ ለእማማ ልካባቸዋለች። ለጋሼ ያልነገረቻቸው ስለት ሲወራ ውለታ ይመስላል ብላ ነው። ልጄ ዕዳ ያለበት እንዳይመስለው ብላ ነው።

ጋሼ ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። የ59 ዓመት ሰው ናቸው። ልጃቸው ተነስቶ ሊያቅፋቸው ሲል እማማ በእጃቸው ከለከሉት።

«ተወው» አሉ። «ይውጣለት።»

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19 — ገብርኤል

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ በባትሪ ወጣን። የማኅሌቱ ድምፅ ከኮረብታው ይሰማል። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጋሼ ጋቢያቸውን ለእኔ ደረቡልኝ። አጥሩ ጋ ስንደርስ ቆሙ። የድንጋይ ካብ ነው። እጃቸውን አንዱ ድንጋይ ላይ አድርገው ቆዩ። የትኛውን ይዛ እንደጮኸች ማን ያውቃል። እሳቸው አንዱን ያዙ።

ቅዳሴው አልቆ፣ ታቦቱ ወጥቶ፣ ዞሮ፣ በእልልታ ገባ። ፍትሐቱ ደረሰ። ከዚያ ከዕቃ ቤቱ በር ላይ፣ ሰበካ ጉባኤው ባለበት፣ ጋሼ ሰማያዊውን ቋጠሮ ለአንድ ሽማግሌ ቄስ ሰጡ። ታሪኩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩ። ድምፃቸው ስለተቆራረጠ ሦስተኛውን እኔ ጨረስኩት።

ቋጠሮው እምቢ አለ። ከ45 ዓመት በላይ ታስሮ ጨርቁ እንደ እንጨት ሆኗል። ቄሱ በጥርሳቸው ፈቱት። ውስጡ ሁለት ባለ 20 ብር፣ አንድ ባለ 10፣ አምስት ባለ 1 ነበር፤ ሁሉም የንጉሡ መልክ ያለባቸው። ባለ 20 ብር ከዚያ ለውጥ ወዲህ የለም። የመንደሩ ልጆች ተንጠራርተው አዩ። በአራት የታጠፉ ናቸው፣ እጥፋቱ ላይ ሳሱ እንጂ አልተቀደዱም። ሰም ሰም ይሸታሉ።

የሰበካው ገንዘብ ያዥ «አባታችን፣ ይሄ እኮ አይሠራም» አለ። ወቀሳ አልነበረበትም፤ ግራ ገብቶት ነው።

ቄሱ አልመለሱለትም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቆጠሩ። «20። 40። 50።» ባለ አንዶቹን አንድ በአንድ ዘረጉ። «51። 52። 53። 54። 55።» ከዚያ የስለቱን መዝገብ አስመጡ። የእምዬን የክርስትና ስም ጻፉ። ከጎኑ «55 ብር» ብለው ጻፉ። ከሱ ቀጥሎ «ከነልጇ» ብለው ጨመሩበት። ጋሼን ቀና ብለው አይተው «ስለትዋ ደርሷል» አሉ።

ጋሼ ከኪሳቸው አውጥተው ሌላ ገንዘብ ሰጡ። ስንት እንደሆነ አልጽፍም።

ከሰዓት በኋላ በእማማ ግቢ ተዝካሩ ተበላ። የጾም ነው፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ስልጆ፣ ጠላ። ከድግሱ የተረፈውን እንጀራ እማማ ራሳቸው ቆራርሰው ፀሐይ ላይ አሰጡት። ጋሼ አጠገባቸው ተቀምጠው ዶሮ እየከለከሉ ዋሉ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20 — መመለስ

እማማ ሲሸኙን ለጋሼ ባና ሰጡ። በእጃቸው የተፈተለ ነው። «ያኛው በአንተ ምክንያት ነው የተቃጠለው፤ ይሄን መልስላት» አሉ። ለማን እንደሚመልሱት አልጠየቁም። ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

ለእኔ የደረሰኝ ባዶው ጣሳ ነው። ሰማያዊውን ጨርቅ አጥቤ ውስጡ አስቀምጫለሁ።

ጓሳ ስንደርስ ጋሼ መኪናዋን አስቆሙ። ያ ጥበቃ ዛሬም ካቡ ሥር ነበር። ጨበጡትና መቼ እንደሚከፈት ጠየቁት። «አልታወቀም፣ ሽማግሌዎቹ ናቸው የሚወስኑት» አለ። «የእትዬ ጣራ ማፍሰስ ጀምሯል» አሉት ጋሼ። «ሲከፈት መጥቼ ላጭድ እፈልጋለሁ። የእናቴ ልጅ ነኝ፣ ይፈቀድልኛል?»

ጥበቃው ሽማግሌዎቹን እጠይቅልዎታለሁ አለ። ጋሼ ስልክ ቁጥራቸውን ነገሩት። እሱም ስልኩን አውጥቶ በብርድ በደነዘዘ ጣቱ አንድ በአንድ ነካ።

«ግን አባቴ፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊሆን ይችላል።»

«ግድ የለም» አሉ ጋሼ ባናውን ወደ ላይ እየሳቡ። «ሲከፈት ደውልልኝ።»